ሁለተኛው ጉርሻ

ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነው። የሌሊቱ አይደለም፤ የቀኑ ስድስት ሰዓት። አዎ፣ ጠራራ ፀሐይ። እናንተ መብራት ጠፋ ብላችሁ እርስ በርስ ተጠጋግታችሁ የተቀመጣችሁ፣ የሚያስፈራው ሌሊት ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው? እናቶቻችሁ በቀትር ውኃ ዳር አትውረዱ ሲሏችሁ ለምን መሰላችሁ? በቀትር ጥላህ ከእግርህ ሥር ይገባል። ከፊትህም የለም፣ ከኋላህም የለም። ታዲያ ጥላ ያለውን ከሌለው በምን ትለያለህ?

ሰዓቱ ይኸው ነው። መንገዱ ደግሞ ከታጁራ ወደ ኦቦክ የሚወስደው የጅቡቲ የባሕር ዳር መንገድ ነው። በግራ ጥቁር ድንጋይ፣ በቀኝ ሰማያዊ ባሕር፣ መሃል ላይ አንድ አስፋልት። ያምራል? ያምራል። ፈረንጅ ከስንት አገር ድረስ መጥቶ ቆሞ ያየዋል። ግን ሰው የለበትም። አንድ ፍየል ታያለህ፣ ከዚያ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ምንም አታይም።

በዚያ መንገድ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ጋቢና መኪና ትሄዳለች። የሚነዳት ወንድይፍራው ይባላል። የድሬዳዋ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳቢ እየነዳ ጅቡቲ ወደብ ተመላልሷል፤ ቤተሰቡን ግን አንድ ቀን ባሕር አሳይቶ አያውቅም። ልጆቹ ባሕር ምን ይመስላል ሲሉት፣ ውኃ ነው፣ ብዙ ውኃ፣ ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጭቅጭቁ በዛበትና የጓደኛውን መኪና ለምኖ ይዟቸው ወጣ። ከጎኑ ሚስቱ ሰርካለም ናት። ከኋላ የአሥር ዓመቷ ሶሊያናና የስድስት ዓመቱ ኢዮስያስ አሉ። በሁለቱ መሃል ደግሞ አማቱ፣ እማማ ጥሩወርቅ ተቀምጠዋል።

ወንድይፍራው ያን ቀን ተናዷል። ከጠዋት ጀምሮ ተናዷል። ኢዮስያስ በየአምስት ደቂቃው ደረስን ወይ ይላል፤ ሰርካለም ቁም ፎቶ ላንሳ ትላለች፤ ሲቆም ደግሞ ምነው ፊትህን ፍታው እንጂ ትለዋለች። ግን የተናደደው በዚህ ነው? አይደለም። የተናደደው በመንገዱ ነው። እሱ ያሰበው ጅቡቲ ከተማ አጠገብ ካለው ባሕር ዳር ወስዷቸው፣ እግራቸውን አስነክሮ፣ ዓሣ አብልቶ ሊመልሳቸው ነበር። እማማ ጥሩወርቅ ግን ኦቦክን ካላየሁ አሉ። ሰርካለምም ከእናቷ ጋር አበረች። ሁለት ሴት ያበሩበት ወንድ ምን ይቀረዋል? መንዳት ብቻ።

ለምን ኦቦክ? እማማ ጥሩወርቅ ደጀኔ የሚባል የመጨረሻ ልጅ ነበራቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በዚያ ባሕር ወደ የመን ተሻግሬ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ከቤት ጠፋ። ጓደኞቹ ናቸው ኋላ የነገሯቸው። አልደወለም፤ ሞተም አልተባለም። ዘመድ ተሰብስቦ እርምዎን ያውጡ ቢላቸው፣ በሕይወት ያለ ልጄን አልገድልም ብለው እምቢ አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተለቀሰለትም። ባሕሩን እንኳ ልየው፣ ልጄ የሄደበትን ውኃ ልየው ነው የሚሉት።

አሁን ጠጋ በሉ። ይህን እማማ አያውቁም፣ ሰርካለምም አታውቅም። ደጀኔን እዚያ ባሕር ዳር ያደረሰው ወንድይፍራው ነው።

ልጁ ለመነው፣ ደጋግሞ ለመነው፣ አለቀሰበት። በመጨረሻ በተሳቢው ጋቢና፣ ከመኝታው ሥር ደብቆ ድንበር አሳለፈው። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ስደርስ ራሴ እደውልላታለሁ አለው። ከጅቡቲም በሰው መኪና እስከዚያ ባሕር ዳር ድረስ ሸኘው። ጀልባዋ የምትመጣው ማታ ነው። እዚያ ሲደርሱ ልጁ ውኃውን አይቶ ፈራ። ጋሼ፣ እስክትመጣ ድረስ አብረኸኝ ቁጭ በል አለው። ወንድይፍራው ግን ወደቡ ላይ የጭነት ወረፋ ይዞ ነበር። ወረፋዬ ያልፈኛል አለውና ትቶት ሄደ። ዞሮ እንኳ አላየውም።

ከዚያ በኋላ ዛሬ ይደውላል፣ ነገ ይደውላል እያለ ዝም አለ። አንድ ዓመት ዝም ካልክ በሁለተኛው ዓመት እንዴት ብለህ ትጀምራለህ? ዝምታው ራሱ ከጥፋቱ የባሰ ጥፋት ሆነበት። አሥራ ሁለት ዓመት ከአማቱ ጋር እየበላ፣ እየሳቀ፣ ሲወጣ ሲገባ እየተመረቀ ኖረ። እና አሁን በገዛ እጁ መሪ ይዞ ወደዚያው ቦታ እየወሰዳቸው ነው። አይናደድ?

እማማ ደግሞ ሰው ባዩ ቁጥር ቁም ይላሉ። ከቦርሳቸው የልጃቸውን ፎቶ ያወጣሉ፤ ለፍየል ጠባቂው ያሳያሉ፣ ለዓሣ አጥማጁ ያሳያሉ። አፋሩ በአፋርኛ፣ እሳቸው በአማርኛ። ወንድይፍራው ሞተሩን ሳያጠፋ ጣቱን መሪው ላይ እየመታ ይጠብቃል። እማማ፣ በዚህ መንገድ ስንት ሺህ ልጅ አልፏል፣ ማን ያስታውሰዋል ይላል። እሳቸውም ስለ ሌላ ሰው አይደለም፣ ስለ እኔ ልጅ ነው የምጠይቀው ይላሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ራበን አሉ። ካንዲት ግራር በቀር ጥላ የለም። እዚያ ሥር ቆሙ። እማማ ከድሬዳዋ ያመጡትን ድርቆሽ በበርበሬና በዘይት ለውሰው በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ አቀረቡ። ነፋሱ አሸዋ ያመጣል፤ ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል። ወንድይፍራው አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ እንሄዳለን አለ።

ከውኃው አጠገብ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሲደርሱ ነበረ? ወንድይፍራው አላየውም። ሰርካለምም አላየችውም። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፣ ራሱንና ፊቱን በፎጣ ጠምጥሟል። ከጎኑ ፌስታል እንኳ የለም።

እንግዲህ እኛን ታውቁናላችሁ። ምግብ ቀርቦ ሰው ካየን ዝም ብለን መብላት አንችልም። ጉሮሯችን ይዘጋል። እማማ ጥሩወርቅ በሰው አገር፣ አማርኛ ይስማ አይስማ ለማያውቁት ሰው፣ እንብላ ብለው ተጣሩ። ሰውዬው አልዞረም። ግን ምን አደረገ? ከተቀመጠበት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ብሉ፣ እኔ በልቻለሁ እንደሚል ያገራችን ሰው።

እማማም ይሉኝታው ነው እንጂ ርቦታል አሉ። አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ይዘው አሸዋውን እየረገጡ ሄዱ። ወንድይፍራው ሰዓቱን አየ። ባሕሩን አየ። ያን ግራር አየ። ያን ግራር ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ከዚህ ያጠረ ነበር። ልጁን ትቶት የሄደው እዚያው ነው።

እማማ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ተመለሱ። ሐበሻ ነው አሉ። ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ፤ ቢያዩም ፊቱ ተሸፍኗል፤ አፉን ብቻ ነው የከፈተላቸው። በዚህ ሐሩር አፉ እንዴት ቀዘቀዘ ብለው ተገረሙ። ከዚያም ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመሩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለት ያፋቅራል። የማያውቅ አለ? አንድ አጉርሶ መተው ስድብ ነው።

ወንድይፍራው ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ ክላክሱን ነፋ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«አንዴ ጠብቀኝ ልጄ፣ በአንድ ጥዬው ልሂድ?» አሉ እማማ።

«ይግቡ እማማ፣ ሳይመሽ ከተማ መግባት አለብን» አለ።

ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም። ምን የሚመሽ ነገር አለ? ልጆቹን እያቻኮለ አስገባ። እማማንም ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ባሕሩ ይኸው ነው፣ ኦቦክም እንዲሁ ውኃ ነው፣ አይታችኋል አለና መኪናውን ወደ ታጁራ አዞረ። ሰርካለም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እማማ ጉርሻውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ኋላ ላይ ለኢዮስያስ አጎረሱት። ሶሊያናም የምሳ ዕቃውን ተቀብላ የቀረውን ጨረሰችው። ድርቆሽ አለቀ።

አሁን ባሕሩ በግራ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ። ከፊት፣ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሰማያዊ ሸሚዝ። ፎጣ።

ወንድይፍራው አየው፤ እንዳላየ አለፈው። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። እንዲያ ብሎ ራሱን አጽናና።

አሥር ኪሎ ሜትር ሄዱ። ያው ሰው። አሁን ቆሟል። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል፣ ፎጣው ግን እንደተጠመጠመ ነው። ሸሚዙ እላዩ ላይ ተጣብቋል፣ ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል። በዚያ ፀሐይ! ሶሊያና መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አያቴ ያጎረሰችው ሰውዬ ነው አለች። ወንድይፍራው ተቀመጪ ብሎ ጮኸባት። በልጁ ላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው ጮኸ። ኢዮስያስ አለቀሰ። ሰርካለም አሁንስ በዛ አለች። እማማ ብቻ፣ ሁለተኛውን ሊጠይቀን ነው፣ ቁም ልጄ አሉ።

አቆመ? ፍጥነት ጨመረ። መቶ፣ መቶ ሃያ። አምስት ኪሎ ሜትር አልሄደም፤ ሰውዬው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው። ስፖኪዮው ሊነካው ምንም አልቀረውም። ሲያልፈው ወንድይፍራው አየ፤ ሰውዬው አፉን ከፍቷል። በቃ፣ ቆሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ከዚያ ሞተሩ ጋለ። እንፋሎት ወጣ። ወንድይፍራው መኪናውን ሰደበ፣ ያዋሰውን ጓደኛውን ሰደበ፣ ዳር ይዞ አቆመ። ሰርካለም ልጆቹን ይዛ ሽንት ልታሸና ወደ ቋጥኙ ጀርባ ሄደች። እማማ ከኋላ ወንበር አልወረዱም። እሱ ኮፈኑን ከፈተ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠበቀ፣ ራዲያተሩን ከፍቶ ውኃ ጨመረ። እያጉረመረመ ጨመረ። ጨርሶ ኮፈኑን ዘጋ።

ኮፈኑ ሲዘጋ ምን ታያላችሁ? የፊት መስታወቱን። ከመስታወቱ ጀርባ ደግሞ መሪውን።

መሪው ጋ ሰው ተቀምጧል።

ፎጣው ወርዷል። ደጀኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን አልጨመረም። ከፀጉሩ ውኃ ይወርዳል። አፉን ከፍቶ ወንድይፍራውን ያየዋል። ከኋላው ደግሞ እማማ ጥሩወርቅ በዚያ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው አማቻቸው ተመልሶ የገባ መስሏቸው፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ያናግሩታል።

«ወንድዬ፣ ምነው እንዲህ ቀዘቀዝክ ልጄ?» ይላሉ።

ወንድይፍራው ሊሮጥ ፈለገ። ግን ወዴት ይሮጣል? ልጆቹ እዚያ ናቸው፣ አማቱ መኪናው ውስጥ ናቸው። ወደ ክፍቱ መስኮት ሄደ። ልጁ አንገቱን ብቻ አዞረ።

«ጋሼ፣ ወረፋህ ደረሰ?» አለው።

እማማ እጃቸውን አነሱ። እናት ዓይኗ ቢታወር ጆሮዋ አይታወርም። ደጀኔ ብለው ተጣሩ። ልጁ ወደ እሳቸው አልዞረም። ከእሳቸው ጋር ጠብ የለውም። ዓይኑን ከወንድይፍራው ላይ አልነቀለም።

«የምን ወረፋ ነው ወንድይፍራው?» አሉ እማማ። በሙሉ ስሙ ጠርተውት አያውቁም ነበር።

«አላውቅም» አለ።

አያችሁ ሰውን? እዚያ ላይ ቆሞ እንኳ ይዋሻል። ልጁ አፉን ዝቅ አደረገ። ከአፉ ውኃ ፈሰሰ። የባሕር ውኃ፣ ከነአሸዋው። በመሪው ላይ ወረደ፣ በወንበሩ ላይ ወረደ፣ ወለሉን ሞላ፣ የእማማን ጫማ አረጠበ። አያባራም። አንድ ሰው ሆድ ውስጥ ይህ ሁሉ ውኃ ይኖራል? እማማ እግራቸውን አላነሱም። መልሱን ይጠብቃሉ።

ወንድይፍራው ተናገረ። መኝታው ሥር መደበቁን ተናገረ፤ ድንበሩን፣ ግራሩን፣ ልጁ አብረኸኝ ቁጭ በል ማለቱን፣ ወረፋዬ ያልፈኛል ብሎ መሄዱን ተናገረ። በየዓመቱ ልናገር ብሎ መተዉንም ተናገረ። ሲጨርስ ውኃው ቆመ። ልጁ አፉን እንደገና ከፈተ፤ አሁን ምንም አይወጣበትም። ይጠብቃል።

እማማ እንዲህ አሉት፤

«አሥራ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በላህ።»

የምሳ ዕቃውን ከወንበሩ ሥር አውጥተው በመስኮቱ ሰጡት።

«እኔ የእኔን አጉርሻለሁ። የቀረው ያንተ ነው።»

የምሳ ዕቃው ባዶ ነው። ልጆቹ ጨርሰውታል። ወንድይፍራው በጥፍሩ ጥጉን ፈቀፈቀው፣ ዘይት የነካው ፍርፋሪ፣ አንዲት ቁራሽ ድርቆሽ ለቀመ። በሦስት ጣቱ ጠቀለላት። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ወደዚያ አፍ ውስጥ አስገባት። አፉ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዝቃዛ ነው፣ ምላሱ ላይ አሸዋ አለ። የልጁ ጥርሶች የወንድይፍራው ጣቶች ላይ ገጠሙ። አልነከሰውም። ያዘው ብቻ። ለምን ያህል ጊዜ? ወንድይፍራው አያውቅም። ጀልባ እስኪመጣ ድረስ የሚጠበቀውን ያህል ነበር ይላል።

ከዚያ ለቀቀው። አኘከ። ዋጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ወንበሩ ላይ ጨውና እርጥበት ቀረ፤ ሰው አልቀረም።

ሰርካለም ከቋጥኙ ጀርባ የእናቷን ጩኸት ሰምታ ነው የሮጠችው። እማማ ጥሩወርቅ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልቅሶ። ልጄ ሲሉ፣ የኔ ፈሪ ሲሉ፣ ብቻህን ሲሉ። ልጆቹም ሳይገባቸው አብረው አለቀሱ። ወንድይፍራው ለሚስቱም እዚያው ነገራት። እሷ እጇን አንስታ ፊቱን መታችው፤ ከዚያ እናቷን አቅፋ ተቀመጠች። መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

አለቀ? የሙቱ ነገር አለቀ። የሕያዋኑ ነው የቀረው።

ማታ ጅቡቲ ከተማ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገቡ። ምግብ ቀረበ። እማማ ጥሩወርቅ ዓይናቸው እንዳበጠ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። ጥሩ አድርገው፣ ሥጋውን ከነመረቁ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«ና» አሉት ወንድይፍራውን።

አፉን ከፈተ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አጎረሱት። አኘከ፣ ዋጠ። እንደገና አፉን ከፈተ።

እማማ ተነስተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። ዛሬም በአንድ ቤት ይኖራሉ። ሲወጣ ይመርቁታል፣ ሲታመም ሾርባ ያደርጉለታል፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ስድብ የለም፣ ክፉ ቃል የለም። ፋሲካ ይመጣል፣ ገና ይመጣል፣ የልጆቹ ልደት ይመጣል። እማማ ለሁሉም ያጎርሳሉ። ተራው እሱ ጋ ሲደርስ እጃቸው ያልፈዋል።

እማማ ዘንድሮ ሰማንያ አንድ ሞላቸው። ትንሽ ሲያስላቸው ወንድይፍራው መኪና አስነስቶ ሐኪም ቤት ያደርሳቸዋል። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጣቸው እሱ ነው። ሌሊት ተነስቶ በራቸው ላይ ጆሮውን አድርጎ ትንፋሻቸውን ያዳምጣል። ሰፈሩ አማቱን እንዲህ የሚወድ ሰው አላየንም ይላል። ይወዳቸዋል፣ አልዋሽም። ግን ወገኖቼ፣ የሚጠብቃቸው በፍቅር ብቻ አይደለም። ሁለተኛውን ሳያጎርሱት ቢሞቱ፣ ሊያጎርሱት እንደሚመጡ ያውቃል።

እኔ ጨርሻለሁ። ለተራኪው አፉን በዳቦ አብሱለት ይባላል፤ የሚያብስልኝ ካለ ያብስልኝ። ብቻ በጨለማ ነውና መጀመሪያ ስሙን ይንገረኝ፣ ደግሞም አንዴ አብሶ እንዳይተወኝ።